የተተከለና የጸደቀ
የአዲስ አበባና የናይሮቢ ዛፎች ታሪክ

ከተማ የሚበላው እህል ብቻ አይደለም፤ እንጨትም ይበላል። እንጀራው የሚጋገረው፣ ወጡ የሚሠራው፣ ቤቱ የሚቆመው፣ ግቢው የሚታጠረው በእንጨት በነበረበት ዘመን አንድ ከተማ በአጠገቡ ያለውን ደን ቆርጦ በጨረሰ ጊዜ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረው ነበር። አንደኛው ተነሥቶ ሌላ ደን ወዳለበት አገር መሄድ ነው፤ ሁለተኛውም ባለበት ጸንቶ የራሱን ደን ተክሎ ማሳደግ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ስለ ሆነ ብዙዎች አድርገውታል። ሁለተኛው ግን የብዙ ሰው ፈቃድና የብዙ ዓመት ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣሁት ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፦ ለዛፍ ተከላ የሚሰጥ የገንዘብ ርዳታና ለሕዝብ የሚነገር ምክር ፍሬ የሚያፈራው መቼ ነው? ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ብዙ ንግግር ተደርጎበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጉቶ እንኳ ያልቀረለት ተከላ በታሪክ ይገኛል። እንዲሁም በጥቂት ሳንቲም ተጀምሮ አገር ያለበሰ ተከላ ይገኛል። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ የሁለት ጎረቤት አገሮችን ዋና ከተማዎች፣ የአዲስ አበባንና የናይሮቢን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። አንባቢ ግር እንዳይለው የኢትዮጵያን ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የኬንያን ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

፩. ሊሰደድ የነበረው ከተማ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥቱ የነበረው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። በዚያ ዘመን «ከተማ» የሚባለው ነገር ዛሬ እንደምናስበው በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር አልነበረም። ንጉሡ በሰፈረበት ቦታ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱና ነጋዴው ይሰፍራል፤ እንጨቱና ግጦሹ ባለቀ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ድንኳኑን ነቅሎ ይነሣል።

አዲስ አበባም በዚሁ መንገድ ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሕዝቡ በፍጥነት በዛ፤ በአካባቢው የነበረው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆረጠ። እንጨት እንደ መናገሻ ካለ ራቅ ያለ ደን በአህያና በሰው ጫንቃ ይመጣ ጀመር። ዋጋውም ተወደደ። ስለዚህ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ደን በነበረበት አገር፣ አዲስ ዓለም የምትባል ሌላ ከተማ መሥራት ጀመሩ። በዚያም ቤተ መንግሥት ታነጸ። ኋላ ግን አሳቡ ተለወጠና ዋና ከተማው በነበረበት ቀረ፤ አዲስ ዓለምም ዛሬ በማርያም ቤተ ክርስቲያኗ የምትታወቅ ከተማ ሆና ቀረች።

ከተማው ያልተሰደደበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ቤታቸውን በድንጋይ ሠርተው ነበር፤ መኳንንቱም ሰፈራቸውን ለመተው አልወደዱም። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ዋና ምክንያት አለ፤ እርሱም ባሕር ዛፍ ነው።

፪. ንጉሡ የሰጡት ምሕረት

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል። የተፈጥሮ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ብሎ ሰየመው። ዘሩን በማስመጣት በብዛት ስማቸው የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ዘሩ መምጣቱ ብቻውን አዲስ አበባን ደን አላለበሳትም። ከውጭ የመጣ ዘር በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ እንደ ጌጥ በቅሎ ሊቀር ይችል ነበር። ባሕር ዛፍን ከግቢ አውጥቶ በየሰዉ ጓሮ ያደረሰው የምኒልክ መንግሥት የወሰደው ሁለት እርምጃ ነው። አንደኛ፣ ችግኙ ለሕዝብ እጅግ በቀላል ዋጋ እንዲታደል ተደረገ። ሁለተኛ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። የዛሬ ሰዎች «የልማት ድጎማ» የሚሉት ነገር ማለት ነው፤ የተሰጠው ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ግብርን በመማር ነበር። በዚህ ምሕረት ባላባቱም፣ ወታደሩም፣ ቄሱም ተጠቃሚ የሚሆነው ዛፉ በመሬቱ ላይ ቆሞ ሲታይ ነው። ችግኝ ተክሎ ያደረቀ ሰው የሚቀርለት ግብር የለም።

የዛፉም ጠባይ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ አጥርና እረኛ አያስፈልገውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገርና ለአጣና ይደርሳል። ሲቆረጥም ጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣልና አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። ለድሃው ደግሞ የረገፈው ቅጠልና ጭራሮ ማገዶ ይሆነዋል። እንግዲህ ባለ መሬቱ ከግንዱ፣ ድሃው ከቅጠሉ፣ መንግሥቱም ከተማው ባለመሰደዱ ተጠቀመ። በጥቂት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ራቁቱን የነበረው የእንጦጦ ግርጌ በአረንጓዴ ተሸፈነ፤ ከሩቅ የመጡ መንገደኞችም አዲስ አበባን ከከተማ ይልቅ በጫካ ውስጥ የተበተነ መንደር ትመስላለች ብለው ጻፉ።

ነገር ግን ይህ ታሪክ ያለ ነቀፌታ የሚነገር አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ ነው፤ በሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጭና ጉድጓድ እያደረቀ ነው ተብሎ ከባሕር ዛፉ ከሦስት ሁለቱ እጅ ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ይህም ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። አዋጅ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ዛፍ ለማስነቀል አልቻለም፤ የሚያስተክለውም ዛፍ ሕዝቡ የማይጠቀምበት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ባልቻለ ነበር።

፫. ባለቤት ያጣ ደን

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ይህን ነገር በተቃራኒው መንገድ ያረጋግጥልናል። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት እንደ ሰጠ የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ግን አብሮ ባለቤቱን ለወጠ። ትናንት የአንድ ሰው ንብረት የነበረው ዛፍ ዛሬ የሁሉም ተባለ፤ የሁሉም የተባለ ነገር ደግሞ ጠባቂ ካልቆመለት የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል።

መንግሥት በ1970ዎቹ ከውጭ በተገኘ ርዳታና ብድር በከተማው ዙሪያ አዲስ የማገዶ ደን አስተከለ፤ ዘበኛም አቆመበት። ከእንጦጦ ቁልቁል ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ግን በደኑ ውስጥ እንደ ሌባ የሚታዩ ሆኑ። የከተማውን ምጣድ የሚያሞቁት እነርሱ ሲሆኑ ደኑን በመጠበቅ የሚያገኙት ድርሻ አልነበራቸውም። ኋላ ከእነዚሁ ሴቶች አንዳንዶቹ በዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ርዳታ ማኅበር መሥርተው ሽመናና ሌላ የእጅ ሥራ ጀመሩ። የተረዱት ሸክሙን ትተው ሌላ ሥራ እንዲይዙ ነበር እንጂ ደኑን እንዲያሳድጉ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ከከተማ ውጭ፣ በተለይም በወሎና በትግራይ ተራሮች፣ በሥራ ለሚገኝ ምግብ የሚካሄድ ታላቅ የተከላ ሥራ ነበር። ገበሬው ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይቀበል ነበር። በረሃብ ዘመን ይህ ምግብ የብዙ ሰው ሕይወት እንዳዳነ ማንም አይክድም፤ ብዙ እርከንም ተሠርቶበታል። ስንዴው የሚሰፈረው ግን ለተሠራበት ቀን እንጂ ለበቀለው ዛፍ አልነበረም። ዛፉ ቢደርቅ ስንዴው አይቀርም፤ ቢጸድቅም አይጨመርም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ራሱ የተከለውን ደን መጥረቢያ ይዞ ወጣበት። ከክፋት የተነሣ አይደለም። በገዛ እጁ ቢተክለውም የእኔ ነው ብሎ አያውቅም ነበርና ነው።

እንግዲህ ከአገራችን ታሪክ አንድ አሳብ እናገኛለን፤ ለመትከል ብቻ የሚከፈል ርዳታ መትከልን ብቻ ያተርፋል። ይህ አሳብ እውነት መሆኑን ለመፈተን አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ናይሮቢ እንሻገር፤ በዚያ አንዲት ሴት ይህንኑ ችግር ከእኛ ለየት ባለ መንገድ ፈትተውታልና።

፬. የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ

ናይሮቢ የአዲስ አበባ የዕድሜ እኩያ ናት ቢባል ብዙ አይራቅም፤ በ1899 እንግሊዞች የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ ረግረግ በነበረ ቦታ ላይ ያቋቋሟት ናት። ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ የተወለዱት በ1940 በኬንያ ተራራ አቅራቢያ በኒዬሪ አውራጃ ነው። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላክ ባልተለመደበት ዘመን በካቶሊክ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ሁለተኛ ደረጃንም በሊሙሩ ከተማ በሎሬቶ እኅቶች ትምህርት ቤት በ1959 ፈጸሙ። በ1960 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በ1971ም ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ይህን ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

ሥራቸው ግን በድል አልተጀመረም። በ1974 ባለቤታቸው ለፓርላማ ሲወዳደሩ ለመራጮች ሥራ እናገኝላችኋለን ብለው ነበር። ዶክተር ዋንጋሪ ይህ ቃል ከንቱ እንዳይቀር «ኢንቫይሮኬር» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ አሳቡም ሥራ አጦች በናይሮቢ ባለጸጎች ግቢ ዛፍ እየተከሉ ደመወዝ እንዲያገኙ ነበር። ችግኝ ማፍያውም በከተማው ዳር በሚገኘው በካሩራ ደን ውስጥ ተዘጋጀ። ነገር ግን ገንዘብ አለቀ፤ ድርቅም ሆነና ውሃ ማጠጣት ተገደበ፤ ችግኞቹም አብዛኞቹ ደረቁ። በ1975 በናይሮቢ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ ችግኞቻቸውን ቢያሳዩ ብዙ ሰው አደነቀ፤ ከአድናቂዎቹ መካከል ግን ዛፍ ለማስተከል ተመልሶ የመጣ አልነበረም።

ይህ ውድቀት ያስተማራቸው ነገር አለ። የሰውን አድናቆት ማግኘት ዛፍ ለማሳደግ አይበቃም። እንጨት ያጣው ባለጸጋው አይደለም፤ ባለጸጋው ግቢውን ለማስዋብ ነው የሚተክለው። ማገዶ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚሄዱት፣ እንጨት ስላጡ ለልጆቻቸው በቂ ምግብ ማብሰል የተሳናቸው የገጠር ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የዛፉ ጉዳይ ከእነርሱ መጀመር ነበረበት።

፭. አራት ሳንቲም

በ1977 የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት አሳባቸውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን፣ የዓለም የአካባቢ ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ብዙ ሰዎች ከናይሮቢ የስብሰባ አዳራሽ ተነሥተው እስከ ካሙኩንጂ መናፈሻ በሰልፍ ሄዱና ሰባት ዛፎች ተከሉ። ሰባቱ ዛፎች ከልዩ ልዩ ጎሣ ለተገኙ ሰባት የሕዝብ አለኝታዎች መታሰቢያ ነበሩ። ሥራውንም «ሐራምቤ» አሉት፤ በስዋሂሊ አብረን እንሳብ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ደቦ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ከዚህ የ«አረንጓዴ መቀነት» ንቅናቄ ተወለደ። መቀነት የተባለውም ማኅበሮቹ ቢያንስ አንድ ሺሕ ችግኝ በረድፍ እየተከሉ ምድሪቱን እንዲያስታጥቁ ስለ ተመከሩ ነው።

ችግኝ ከየት ይምጣ? ዶክተር ዋንጋሪ ወደ ደን መሥሪያ ቤት ሄደው ለኬንያ ሕዝብ ቁጥር በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ዛፍ፣ ማለት 15 ሚሊዮን፣ ለመትከል እንዳሰቡ ነገሯቸው። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሳቁና የፈለጉትን ያህል ችግኝ በነፃ ይውሰዱ አሏቸው። ዓመት ሳይሞላ ግን ሴቶቹ የሚወስዱት ችግኝ ከመጠን በለጠና ከእንግዲህ ክፈሉ ተባለ። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው ችግኝ እንዲያፈሉ ተወሰነ። ባለሙያዎቹ ዛፍ ለማፍላት ዲፕሎማ ያስፈልጋል ብለው ተቃወሙ። ዶክተር ዋንጋሪም ሴቶቹን እናንተ ባቄላና በቆሎ ዘርታችሁ የምታበቅሉ አይደላችሁምን፣ የዛፍም ዘር እንዲሁ ነው አሏቸው። ሴቶቹም በአካባቢያቸው ከሚገኘው ዛፍ ዘር ለቀሙ፤ ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበትም በተሰበረ ገንቦ ዘርተው ከፍ ባለ ቦታ አስቀመጡት። ቀልድ ለበስ ሆኖ «ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች» የሚል ስም ወጣላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ለእያንዳንዱ ችግኝ ለሴቶቹ የሚከፈለው ዋጋ ወደ አራት የአሜሪካ ሳንቲም የሚጠጋ ነበር። የሚከፈለው ግን ችግኙ በተተከለ ዕለት አይደለም። ችግኙ ከማፍያው ወጥቶ በእርሻ ዳር፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከተተከለ በኋላ ወራት አልፈው ተጎብኝቶ በሕይወት መኖሩ ሲታወቅ ብቻ ነው። የደረቀ ችግኝ ዋጋ የለውም። በቋንቋችን «ጸደቀ» የሚለው ቃል ለጻድቅ ሰውም፣ ሥር ለሰደደ ችግኝም መነገሩ እንዴት ያለ ደግ ነገር ነው! የኬንያ ሴቶች የተከፈሉት በእርግጥ ለጸደቀው ነበር።

የርዳታውም ገንዘብ አካሄድ በዚሁ ሥርዓት የተመራ ነበር። በ1981 የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ፈንድ የመጀመሪያውን ትልቅ ርዳታ ሰጠ፤ በ1982 ደግሞ የኖርዌይ የደን ማኅበር ተባባሪ ሆነ፤ ዶክተር ዋንጋሪም ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው ሥራውን ያስተባብሩ ጀመር። ገንዘቡ ከኦስሎና ከኒው ዮርክ ቢመጣም በስተ መጨረሻ የሚደርሰው በመንደር ሴት እጅ ነው፤ በየመንደሩ እየዞሩ ችግኝ የሚቆጥሩና የሚመዘግቡ ወጣቶችም ከዚያው መጠነኛ ክፍያ ያገኙ ነበር። አንድ ማኅበር ርዳታ ሲፈልግ መጀመሪያ አባሎቹን ይሰበስባል፤ ቦታ አዘጋጅቶ ችግኝ ያፈላል፤ ስንት እንደ ደረሰለት ያስታውቃል፤ ለማን እንዳደለ ይመዘግባል፤ ከዚያም የጸደቀው ይቆጠራል። የቆጠራው ወረቀት ከመንደር እስከ ለጋሹ አገር ስለሚሄድ ለጋሹ ገንዘቡ ምን እንዳፈራ ያውቃል፤ ሴቲቱም ድካሟ እንደ ተመዘገበላት ታውቃለች። ምክርና ገንዘብ በአንድ መንገድ ሄዱ ማለት ይህ ነው።

፮. የተከለ ሰው ይጠብቃል

አንድ ሰው ይህ ሁሉ ለአራት ሳንቲም የተደረገ ሥራ ነው ሊል ይችላል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሳንቲሙ በሌለበት ቦታ ሥራው ይቆም ነበር። የናይሮቢ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል።

በ1989 በናይሮቢ መካከል በሚገኘው በኡሁሩ መናፈሻ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ታሰበ። ኡሁሩ ነፃነት ማለት ነው፤ መናፈሻውም ድሃው ሕዝብ በእሑድ ቀን ከነልጆቹ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዶክተር ዋንጋሪ ለመንግሥት ሹማምንትና ለውጭ አገር ለጋሾች ደብዳቤ ጻፉ። በፓርላማ ተዘለፉ፤ ንቅናቄውም በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሮውን እንዲለቅ ታዘዘና ሥራውን በዶክተር ዋንጋሪ መኖሪያ ቤት ቀጠለ። ሕንፃው ግን ገንዘብ የሚያበድር አጥቶ ቀረ፤ በ1992 የቦታው አጥር ተነሣ።

በ1998 ደግሞ የካሩራ ደን ለግል ባለሀብቶች በስውር እየተከፋፈለ መሆኑ ታወቀ። ካሩራ በናይሮቢ ሰሜን የሚገኝ፣ 1,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ደን ነው፤ ያ የመጀመሪያው ችግኝ ማፍያ የደረቀበትም ቦታ ነው። ዶክተር ዋንጋሪና ጓደኞቻቸው ችግኝና የውሃ ጣሳ ይዘው ወደ ደኑ ሄዱ። በጥር 8 ቀን 1999 በደኑ በር አጠገብ ዛፍ ለመትከል ሲሞክሩ ዘበኞች በዱላ መቷቸው፤ ራሳቸው ተፈንክቶ ደም እየፈሰሰ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የክስ ወረቀታቸውን በዚያው ደም ፈረሙ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በደኑ ጉዳይ ተነሡ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ፕሬዚደንት ሞይ የሕዝብ መሬት ለግል ሰው መስጠትን የሚከለክል ቃል አወጡ። ካሩራም ከመቆረጥ ዳነ፤ ዛሬ የናይሮቢ ሕዝብ በእግሩና በብስክሌት የሚዘዋወርበት ደን ነው።

በ2004 ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ የኖቤል የሰላም ሽልማት በተቀበሉ ጊዜ ንቅናቄው ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ እንደ ተከለ ተነግሮ ነበር። በ2011 ሲያርፉ አስከሬናቸው በእንጨት ሣጥን እንዳይገባ አስቀድመው ተናዝዘው ነበርና ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእንቦጭ በተሠራ ሣጥን ተሸኙ። ለእሳቸው አንድ ዛፍ እንዲቆረጥ አልፈቀዱም።

፯. ከሁለቱ ከተማዎች የምንማረው

ዐፄ ምኒልክ በግብር ምሕረት፣ ዶክተር ዋንጋሪ በአራት ሳንቲም፤ አንዱ ንጉሠ ነገሥት፣ አንዷ የሕዝብ መምህር፤ መንገዳቸው የተለያየ ሲሆን ምሥጢሩ ግን አንድ ነው። ሁለቱም የከፈሉት በሕይወት ላለ ዛፍ ነው፤ ሁለቱም ዛፉን ተካዩ እንዲጠቀምበት ትተውለታል።

ልዩነትም አላቸው። በአዲስ አበባ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ጥቅም ስለ ተከለ ሁሉም ቶሎ የሚደርሰውን አንድ ዛፍ መረጠ፤ ጥዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በጥቂት ሸለቆ ብቻ ተጠግቶ ቀረ። በናይሮቢ ደግሞ ማኅበሩ አብሮ ስለ ተማከረ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ አገሩ ዛፎች ተመለሰ። ስለዚህ የግል ጥቅም ዛፉን ያሳድጋል፤ ምን ዐይነት ዛፍ ማደግ እንዳለበት ለመወሰን ግን የጋራ ምክር ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ደኑም ይጎድላል።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም ታላቅ የተከላ ዘመቻ ይካሄዳል። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ተማሪ፣ ሠራተኛና ወታደር አካፋ ይዞ በዝናብ መውጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ታሪክ ግን ለዚህ ቁጥር ሁለተኛ ጓደኛ ይፈልግለታል፤ እርሱም ከዓመት፣ ከሁለት ዓመትና ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደ ጸደቀ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ ተቆጥሮ በይፋ የሚነገር ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የክንዳችንን ብርታት ይነግረናል፤ ሁለተኛው ግን የባሕርያችንን ጽናት ይነግረናል።

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆችና ጓደኞቼ ተማሪዎች! የትምህርት ቤት በዓል በመጣ ቁጥር ዛፍ መትከል የተለመደ መልካም ሥራ ነው። ለዚህም ከወላጅ ማኅበር፣ ከቀበሌ ወይም ከበጎ አድራጊ ድርጅት ርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ርዳታውን ስንጠይቅ ጥያቄያችን ለችግኝ መግዣ ብቻ አይሁን። ለሁለት ክረምትና ለሁለት በጋ ለውሃ ማጠጫ፣ ለአጥርና ለመቁጠሪያ መዝገብም እንጠይቅ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ረድፍ ይኑረው፤ ከረድፉ የሚገኘው ጭራሮና ፍሬም ለዚያው ክፍል ጥቅም ይዋል። ክፍሉ ሲመረቅ ረድፉን ለሚከተለው ክፍል በመዝገብ ያስረክብ፤ በዓመቱ መጽሔትም ላይ ስንት እንደ ተከለ ሳይሆን ስንት እንዳጸደቀ ይጻፍለት። ገንዘብ የሰጠውም ወገን ይህንኑ መዝገብ ይመልከት።

ዛፍ ተክሎ ጥላው ሥር ሳይቀመጥ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ እኛም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከእነዚህ መካከል ነን። ይህ ግን ሊያሳዝነን አይገባም፤ ተራውን ተረክቦ ውሃ የሚያጠጣ ታናሽ ወንድምና እኅት ካለን የተከልነው ይጸድቃል።